አምስተኛው መጨረሻ

ዓይናለም ኃይለሚካኤልን ታጋሽ ናት ብሎ የሚምልላት ሰው ሀዋሳ ውስጥ አይገኝም። ባጃጁ ሳይቆም የምትወርድ፣ ሻዩ ሳይበርድ የምትጠጣ፣ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» የምትል ሴት ናት። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምራቸው ልጆች «ቲቸር ዓይናለም ፈተና የምታርመው ሳታነብ ነው» እያሉ ያሟታል። ይሄ እንኳ ሐሜት ነው፤ ታነባለች። የማታነበው የራሷን ጽሑፍ ብቻ ነው። ጽፋ የጨረሰችውን ነገር ደግሞ ማየት እንደ ትናንት ወጥ ይሰለቻታል። ሰው በጠባዩ ይቀጣል እንዲሉ፣ እሷንም የቀጣት ይኸው ጠባይዋ ነው።

ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት ገደማ አልጋዋ ላይ የተከፈተ ሻንጣ ፊት ቆማለች። በነጋታው እሑድ ወደ አዲስ አበባ ትሳፈራለች፤ የተሻለ የማስተማር ሥራ አግኝታ ሰኞ ትጀምራለች። አባቷ ደስ ብሏቸዋል። ጎረቤቱ ደስ ብሎታል። እሷ ብቻ አንዱን ሹራብ አራት ጊዜ አጥፋ አራት ጊዜ ዘረጋችው። «ሂጂ፣ ይቅናሽ» የሚላት ሞልቷል። ከአንድ ሰው ግን «ስትሄጂ ይከፋኛል» የምትል አጭር ቃል ስትጠብቅ ሦስት ሳምንት አለፋት፤ ቃሏም አልመጣች፣ ሰውየውም አልመጣ።

ያ ሰው መክብብ ነው። መናኸሪያ፣ ከአውቶቡሶቹ መግቢያ ፊት ለፊት፣ አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣት ያለበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሦስተኛ ዓመት ላይ እናቱ ሲታመሙ ትምህርቱን ጥሎ ወጣ፤ እሳቸው ዳኑ፣ እሱ ግን ሳይመለስ ቀረ። ከሁለት ዓመት በፊት ዓይናለም መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን ይዛ ስትገባ፣ ከመበየጃ ካውያው አጠገብ በተከፈተ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በሐይቅ መሐል ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው አየች።

«ምንድን ነው?» አለችው።

«ጌም ነው። እኔ ነኝ የምሠራው።»

«ታዲያ ሰውየው ለምን አይናገርም?»

«ምን እንደሚል አላውቅማ» አለና ፈገግ አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይናለም ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ የምትሄደው በመናኸሪያ በኩል ሆነ። ቤቷ ታቦር ተራራ ሥር መሆኑንና መናኸሪያ መንገዷ አለመሆኑን ማንም አላስታወሳትም። እሱ ጌሙን ይሠራል፤ እሷ ሰዎቹ የሚናገሩትን ትጽፋለች። ጽፋ ቀና ስትል ብዙ ጊዜ እያያት ይደርሳል፤ እሱም ወዲያው ያልተበላሸ ስልክ አንስቶ መፍታት ይጀምራል።

ጌሙ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ ሐይቁ ዳር ትመጣለች፤ ማዶ መሻገር ትፈልጋለች። ቀዛፊው «እንሂድ?» ይላታል። ተጫዋቹ በሚሰጠው መልስና በመንገድ ላይ በሚመርጠው ነገር አራት መጨረሻ አለው። በአንዱ ጀልባዋ ትሰምጣለች። በአንዱ ልጅቷ ሐሳቧን ቀይራ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በሦስተኛው ሁለቱም ተሻግረው ማዶ ጎጆ ይቀልሳሉ። በአራተኛው ቀዛፊው ያሻግራትና ባዶ ጀልባውን እየቀዘፈ ብቻውን ይመለሳል።

የሚሞክርላቸው ሰው አላጡም። መናኸሪያ ውስጥ መኪና እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ጊዜ እንጂ ሌላ ምን አለው? ጌሙ የተጫነበትን ስልክ እየሰጡ ያጫውቱትና ዓይናለም አጠገቡ ሆና በደብተሯ ትጽፋለች፤ የትኛው መጨረሻ ላይ «ጎሽ፣ በቃኝ» ብሎ ስልኩን እንደመለሰ፣ የትኛው ላይ «ቆይ፣ አንዴ ልድገመው» እንዳለ። ጋሽ አብዱራህማን የሚባሉ ወደ ዲላ የሚመላለሱ ነጋዴ ቀዛፊው ብቻውን ሲመለስ አይተው «ይሄማ አላለቀም! ሰውየው ምን በድሎ ነው ብቻውን የሚመለሰው? ከመጀመሪያው አምጪልኝ!» ብለው ሦስት ጊዜ ሲደጋግሙ መኪናቸው ጥሏቸው ሄደ። ዓይናለም በዚህ መንገድ የአርባ አንድ ተሳፋሪ ነገር መዝግባለች።

ጠባቸውም ከዚሁ ደብተር ወጣ። አዲስ አበባ የአገር ውስጥ ጌሞች ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። ዳኞቹ የሚያዩት አንድ መጨረሻ ብቻ ስለሆነ ምርጡን መርጣችሁ እስከ ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላኩ ተባለ። የዓይናለም የአዲስ አበባ ሥራም የተሰማው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱ ሊነጋገሩ ፍቅር ሐይቅ ወረዱ። ስሙ ፍቅር ሐይቅ ይባላል እንጂ ስንት ሰው እንደተጣላበት የሚቆጥር የለም።

«አብረው የሚሻገሩበት ነው ምርጡ» አለች ዓይናለም። «ያንን ያየ ሰው ስልኩን በሰላም ይመልሳል። ደብተሩ ይኸው። ደግሞ መጀመር አያሰኘውም። ጥሩ መጨረሻ ማለት ይሄ ነው።»

«በሰላም የመለሰው ሰው ዲላ ሳይደርስ ይረሳዋል» አለ መክብብ። «ጋሽ አብዱራህማን ግን እስከ ዛሬ ሲያዩኝ "ያ ሰውዬስ?" ይሉኛል። ብቻውን የሚመለሰው ነው ምርጡ።»

«ልጅቷን ማዶ ጥሏት መመለሱ?»

«ማዶ ያላት ነገር ከሱ ይበልጣላ። አድርሷታል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

ዓይናለም አየችው። እሱ ውሃው ዳር የቆመ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ላይ ዓይኑን ተክሎ ነበር። «ስለ ጌሙ ነው የምታወራው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ስለ ጌሙ ነው።»

«እኔም ስለ ጌሙ ነው» አለች። ሁለቱም ዋሹ። ከዚያ በኋላ በስልክ መልእክት ካልሆነ በቀር አልተገናኙም። «ማዶ ያላት ነገር ከሱ ይበልጣል» ያላት ቃል ሌት ተቀን ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ሂጂልኝ እንዳላት ቆጥራው ልቧ ቆሰለ።

በዚህ ላይ የቆየ በደል ነበረባት። ባለፈው የገና በዓል የአባቷ አዲስ ስልክ አልታዘዝ ሲላቸው መክብብን ቤት ጠርታው ነበር። አቶ ኃይለሚካኤል ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ቢወጡም እንግዳ መፈተን አልተዉም።

«የት ድረስ ተማርክ?»

«ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ድረስ፣ ጋሼ።»

«ከዚያስ?»

«አቋረጥኩ።»

«ጅምር ቤት ሰው አያሳድርም፣ ልጄ» አሉት። በክፋት አልነበረም፤ ምክር ሆኖባቸው ነው። መክብብ ሻዩን ጨርሶ፣ አመስግኖ ተነሣ። በር ላይ ዞር ብሎ ዓይናለምን አያት። አንድ ቃል ብትናገርለት ምን ነበረበት? እሷ ግን ምንጣፉን አየች። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ያሳፍራታል።

ባለፈው ረቡዕ መክብብ የመጨረሻውን ሥራ ላከላት። «ሐይቁ ዳር ያለችውን ቦታ ነካክቻታለሁ። እባክሽ ሳትቸኩዪ ተጫወቺና መልስሽን ንገሪኝ» ይላል መልእክቱ። እሷም እንደ ልማዷ ተጫወተችው። ንግግሩን የጻፈችው ራሷ አይደለች? ቀዛፊው አፉን ሳይከፍት ትዘለዋለች፣ «እንሂድ?» ሳይል «አዎ» ትለዋለች። በሃያ ደቂቃ አራቱንም መጨረሻ አዳረሰች፤ ምንም የተለወጠ ነገር አላየችም። «አይቼዋለሁ። ጌሙ ላይ የምጨምረው የለም። እንዳለ ይላክ» ብላ መለሰችለት። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ «እሺ» የምትል አንዲት ቃል መጣች። ዓይናለም ያቺን «እሺ» አይታ አልቅሳለች፤ አንድ ሰው ይህን ያህል ከብዶት የጻፋት መሆኗን ግን አላወቀችም።

እንግዲህ ሹራቡን አምስተኛ ጊዜ ስታጥፍ አባቷ ከሳሎን ተጣሩ።

«ዓይኔ! እስቲ ያን ሁለት ዓመት ያመሸሽበትን ነገር አሳዪኝ። ነገ ልትሄጂ ነው፤ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ልቅር?»

ተገረመች። ጠይቀዋት አያውቁም። ታብሌቷን አምጥታ ከፍታ ሰጠቻቸውና ወደ ሻንጣዋ ተመለሰች። አቶ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን አደረጉ፤ ክፍል ውስጥ የቃል ጽሕፈት እንደሚያስጽፉ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያንዳንዱን ቃል ማንበብ ጀመሩ። ዓይናለም ከመኝታ ቤት ሆና የራሷን ዓረፍተ ነገሮች ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማቻቸው። አንዳንዶቹ ያምራሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ረዝመዋል።

«"እንሂድ?"» ሲሉ ሰማቻቸው። ከዚያ ዝም አሉ።

ቆየች። «አባዬ፣ "አዎ" ወይም "አይ" የሚለውን ይጫኑ» አለች ጮክ ብላ።

«ምን ያጣድፍሻል? ሰውየው ጠይቆኛል። ሳላስብ ልመልስለት?»

አሰቡ። የአቶ ኃይለሚካኤል ማሰብ የዋዛ አይደለም፤ ተማሪ ለማባረር አንድ ሳምንት ያስቡ የነበሩ ሰው ናቸው። ዓይናለም ጫማዎቿን በፌስታል ጠቀለለች፣ መጻሕፍቷን ደረደረች። ድንገት ከሳሎን የዝናብ ድምፅ ተሰማ። ውጭ ፀሐይ ነው። የዝናቡ ድምፅ የመጣው ከታብሌቱ ነበር፤ ጌሙ ውስጥ ደግሞ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያዳመጠችው ጌም ውስጥ ይህን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። እጇ ላይ ያለውን መጽሐፍ ሳታስቀምጥ ወጣች።

ታብሌቱ ላይ እየመሸ ነው። ቀዛፊው መቅዘፊያውን አስቀምጦ ከጀልባው ወርዷል፤ ልጅቷ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከሥራቸው ጽሑፍ እየወጣ ነው። አባቷ ያነባሉ፤

«"ዓይናለም፣ እዚህ ከደረስሽ ቀዛፊውን አላጣደፍሽውም ማለት ነው። አመሰግናለሁ።"» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺን ነው እንዴ?»

ዓይናለም ጠጋ ብላ ከትከሻቸው በላይ አየች። እሳቸውም የጀመሩትን የማይተዉ ሰው ናቸውና ቀጠሉ።

«"ባለፈው አንድ ተሳፋሪ ጥያቄው ላይ ደርሶ፣ መኪናው እስኪጠራ ድረስ ምንም ሳይነካ ቁጭ አለ። ምነው አልተጫወቱም ስለው፣ ኧረ ተጫውቻለሁ፣ እዚያው ዳር ላይ ሆኜ አለኝ። ይሄን መጨረሻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የሠራሁት፤ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ያገኘዋል።

"ብቻውን የሚመለሰው ይሻላል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አብረው የሚሻገሩበትን ብመርጥ ቅሪ ያልኩሽ ይመስልብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ሥራው ላንቺ ይገባሻል። እንቅፋት እንዳልሆንብሽ ብዬ ነው።

"አባትሽ ጅምር ብለውኛል። እውነታቸውን ነው።"»

እዚህ ላይ አቶ ኃይለሚካኤል መስመሯን በዓይናቸው ደግመው አነበቧት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ።

«"ግን የጨረስኩት አንድ ነገር አለ። አንቺን መውደዴን አስቤ ጨርሻለሁ። እሱ አራት መጨረሻ የለውም፤ አንድ ነው። አትሂጂ አልልሽም። ሂጂ። የምለምንሽ፣ የሚጠብቅሽ ሰው መኖሩን እያወቅሽ እንድትሄጂ ነው። ሳታውቂ ከምትቀሪልኝ አውቀሽ ብትሄጂ ይሻለኛል።

"ካልፈለግሽኝ ደግሞ ምንም አታስረጂኝ፤ ስለ ጌሙ ብቻ ጻፊልኝ። እኔ ይገባኛል። መክብብ።"»

ዝናቡ ቆመ፤ ታብሌቱ ጨለመ። ዓይናለም መጽሐፉን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት የጠበቀችው ቃል እጇ ውስጥ ነበር፤ ረግጣው አልፋለች።

«ሌላም መጨረሻ አለው?» አሉ አባቷ።

«አራት አለው።»

«ይቅርብኝ። ይሄ ይበቃኛል» ብለው ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «መቼ ነው የላከልሽ?»

«ረቡዕ።»

«ምን ብለሽ መለስሽለት?»

ስልኳን አውጥታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። «"አይቼዋለሁ። ጌሙ ላይ የምጨምረው የለም። እንዳለ ይላክ።" ... ልጄ፣ ለሰው እንዲህ ይመለሳል?»

«አላየሁትም ነበር፣ አባዬ!» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ዘልዬው ነው። የራሴ ጽሑፍ ነው ብዬ ዘልዬው ነው! ይሄኔ ስለ ጌሙ ብቻ ጻፈችልኝ ብሎ...» መጨረስ አልቻለችም።

አባቷ አልገሠጿትም። ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩ። «ያን ዕለት ጅምር ያልኩት ጊዜ ሰምተሽኝ ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን እንዳቋረጠ ታውቂ ነበር?»

«እናቱ ታመውበት ነው።»

«እኔ አልጠየቅኩትም» አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጨረሰ፣ አልጨረሰ እያልኩ ኖሬ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ተሳነኝ። አንቺም ነገሩን እያወቅሽ ዝም አልሽኝ።» ተነሡ። ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡ። «ጫማሽን አድርጊ።»

«የት ልንሄድ ነው?»

«አንቺ የምትሄጂበትን ታውቂያለሽ። እኔ የራዲዮ ድንጋይ አልቆብኛል።»

የቤታቸው ራዲዮ በኤሌክትሪክ እንደሚሠራ ዓይናለም ታውቃለች። አንገታቸው ሥር ገብታ ሳመቻቸው፤ ልጅ ሳለች እንኳ እንደዚያ አቅፋቸው አታውቅም።

ባጃጁ መናኸሪያ ሲደርስ አቶ ኃይለሚካኤል ከሱቁ ማዶ ያለችውን ሻይ ቤት አዩና «እኔ እዚህ አረፍ ልበል። መጀመሪያ አንቺ ግቢ» አሏት። የዲላውና የሻሸመኔው ረዳቶች ተሳፋሪ እየተጣሩ ነው። ዓይናለም በመካከላቸው አልፋ ሱቁ ገባች።

መክብብ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሷል። ቀና ብሎ አያትና ወዲያው ዓይኑን መለሰ። ከስቷል። «የሚላከውን እያዘጋጀሁ ነው» አለ። «ብቻውን የሚመለሰውን ልልክ ነው። ቅር ካላለሽ።»

«አምስተኛውስ?»

እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሣ። «አጥፍቼዋለሁ» አለ። «መልስሽ ሲደርሰኝ አጠፋሁት። ዓይናለም፣ ስለሱ ባናወራ ደስ ይለኛል። ይገባኛል ብዬሽ የለ?»

«ምንም አልገባህም! መልሴ አልነበረም። አላየሁትም። የራሴን ንግግር እየዘለልኩ፣ ቀዛፊው ሳይጠይቀኝ እየመለስኩ ነው የተጫወትኩት። አራቱን አይቼ ነው የጻፍኩልህ። መኖሩን ያወቅሁት ዛሬ ጧት ነው።»

ቀስ ብሎ ተነሣ። «እንዴት አወቅሽ?»

«አባቴ ተጫወቱት።»

«አባትሽ?!»

«ጥያቄውን ሲያስቡ ቆይተው ዝናቡ መጣላቸው። ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ስለሳቸው ያልከውንም።»

መክብብ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «በቃ፣ እኔ ከሀዋሳ መውጣት አለብኝ» አለ ከእጆቹ ውስጥ። ዓይናለም ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ መሐል ላይ ግን ድምፅዋ ተለወጠ።

«መክብብ፣ ስማኝ። ባለፈው የገና በዓል ዝም ያልኩት አባቴን ፈርቼ ይመስልሃል። እኔም ለራሴ የነገርኩት እሱን ነው። የፈራሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ለአንተ አንድ ቃል ከተናገርኩ ሌላው ሁሉ ይታወቅብኛል ብዬ ነው።»

«ሌላው ምኑ?»

«እንደምወድህ።»

መክብብ እጆቹን ከፊቱ አነሣ። ሁለት ዓመት ሙሉ በስርቆሽ ያያት የነበረ ሰው አሁን በሙሉ ዓይኑ አያት፤ ዞሮ የሚፈታው ስልክም አልፈለገ። ዓይናለምም ምንጣፍ የሌለበትን የሱቁን ወለል ትታ በቀጥታ አየችው። ይህን ያህል ጊዜ ምን ስትፈራ እንደኖረች ግራ ገባት።

ወዲያው ሁለቱም ሰዓቱን አስታወሱ። የጠፋው አምስተኛ መጨረሻ የቀረው የሷ ታብሌት ላይ ብቻ ነበር፤ ከቤት ይዛው ስለወጣች ከቦርሳዋ አወጣችው። መክብብ በገመድ ወደ ላፕቶፑ መለሰው።

«ዳኞቹ ይሄን ይዩ» አለች ዓይናለም። «ደብዳቤው ግን የኔ ነው። ማንም አያነበውም። በቦታው ሌላ እጽፍልሃለሁ።»

«በደብተርሽማ አብረው የሚሻገሩበት ነበር ምርጡ።»

«ነበር። ዛሬ በባጃጅ ስመጣ ሳስበው ግን የዚያኛውም መጨረሻ ልጅ ታሳዝናለች። በአራቱም ላይ ቀዛፊው በልቡ ምን እንዳለ አታውቅም። ሳታውቅ ትሰምጣለች፤ ሳታውቅ ትመለሳለች፤ ጎጆ ስትቀልስ እንኳ ሳታውቅ ነው። አምስተኛው ላይ ገና የትም አልደረሰችም። ግን ነግሯታል። አሁን ብትሄድም ብትቀርም የራሷ ነው።»

መክብብ ትንሽ አሰበ። «ጋሽ አብዱራህማን ይሄንንም አላለቀም ይሉናል።»

«ይበሉን» አለች። ሦስት መስመር ጻፈች። ከመላኳ በፊት ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ አንድ ቃል አወጣች፤ ደግሞ አነበበችው። መክብብ አስገባውና ላከው። ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።

በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። መክብብ ማን እንደሆነ ሲያይ ወንበሩን ሊያቀርብ ሲቸኩል የብሎን ዕቃውን ደፋው።

«የራዲዮ ድንጋይ አለህ?» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል።

«እኔ ጋ የለም፣ ጋሼ። ግን ከጎን ሱቅ አሁን ላምጣልዎት...»

«ተወው፤ ተቀመጥ።» እሳቸውም ተቀመጡ። ጠባቧን ሱቅ፣ የተደረደሩትን ስልኮች፣ ካውያውን አንድ በአንድ አዩ። «እናትህ ተሻላቸው?»

መክብብ ይህን ጥያቄ አልጠበቀም። «ድነዋል፣ ጋሼ። ደኅና ናቸው፤ ቱላ ናቸው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ዕለት መጠየቅ የነበረብኝ ይሄን ነበር። አጥፍቻለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ...»

«አጥፍቻለሁ አልኩህ እኮ» አሉት፤ እንደ ርዕሰ መምህር። ከዚያ ድምፃቸውን አለዘቡ። «ዓይናለም ነገ ትሄዳለች፤ ሥራ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ትመለሳለች። እኔም ያን ቀን የትም አልሄድም፤ ቤት ነኝ። እንግዳ ቢመጣ በሬ ክፍት ነው። እናትህ የሚያከብሯቸው ሦስት ትላልቅ ሰዎች ቱላ ውስጥ አይጠፉም መቼም።»

ይህን ብለው ተነሡ። የሴት ልጅ አባት ከዚህ በላይ አይናገርም፤ ወግ አይፈቅድም። እሳቸው ይህንንም የተናገሩት ወጉን ከጫፉ ቆርሰው ነው። ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ድንጋዩን ሳይጠይቁ፣ ወደ ሻይ ቤቱ ተሻገሩ።

መክብብ ብሎኖቹን ከወለል ሊለቅም አጎንብሶ እዚያው ቀረ። «ሽማግሌ ላክ ነው ያሉኝ?» አለ ወደ ላይ እያየ።

«ነው።»

«እሳቸውን ሰማሁ። አንቺስ?»

ዓይናለም አጠገቡ ቁጭ አለች። ነገ መንገደኛ ናት። ሥራው አዲስ ነው፣ ከተማው ሰፊ ነው፣ የሳምንቱ ቅዳሜ እስኪደርስ ስንት ጧት እንዳለ እግዜር ይወቅ። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ ፈራችም። ፍርሃቷ ግን ደስታዋን አላከለውም። ብሎን የያዘ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ላክ» አለችው።